«መግቢያ በነፃ» ሲባል ሂሳቡን ማን ዘጋው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ወጣት ማዕከል በር ላይ ቆሜ ነበር። በሩ ላይ «ግጥምና ማሲንቆ፤ መግቢያ በነፃ» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው መጡና ቆሙ። ከገበያ እየተመለሱ ነው። ከዘንቢላቸው አፍ ጎመን ብቅ ብሏል። ወረቀቱን ልጁ አነበበላቸው።

«ስንት ነው?» አሉ ጥበቃውን።

«በነፃ ነው እማማ፤ ይግቡ።»

«እሺ» አሉ። ግን አልገቡም። ትንሽ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲያልቅ ነው የሚከፈለው?» ብለው ጠየቁ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከተማ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው በነፃ የተባለ ነገር ሁሉ ከጀርባው ሂሳብ እንዳለው ያውቃል። እማማም አልተሳሳቱም። የባህል ዝግጅት በነፃ ሲቀርብ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ቀድሞ ከፍሏል። ማን እንደከፈለ፣ ለምን እንደከፈለ፣ መክፈሉን ያቆመ ዕለት ምን እንደሚመጣ ማወቅ ለተመልካቹም ለአዘጋጁም ይበጃል። ይህን ነገር ቀለል አድርጌ ላስረዳ።

ከዚያው ቅዳሜ እንጀምር። አዳራሹ አልተከራየም፤ በደብዳቤ ነው የተፈቀደልን። ደብዳቤውን ለማስፈረም ግን ሦስት ቀን ተመላልሰናል። ወንበር ተከራይተናል። ድምፅ ማጉያ ከነባለሙያው ተከራይተናል። መብራት ቢጠፋ ብለን ጄኔሬተር ለመንን፤ ነዳጁን ራሳችን ሞላን። ፖስተር አሳተምን። ውሃ ገዛን። ሲያልቅ የሚያጸዱትን ሰዎች አስበናል። ይህ ሁሉ የተከፈለው ከአምስት ጓደኛሞች ኪስ ነው። ተመልካቹ በበሩ ሲገባ ይህን አላየም፤ ማየትም አልነበረበትም። በነፃ ማለት ወጪ የለውም ማለት ሳይሆን ወጪው በሩ ላይ አይጠየቅም ማለት ነው።

«ታዲያ ትንሽ ብር አስከፍላችሁ ራሱን ለምን አይችልም?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ትንሽ ወደ ኢኮኖሚ ይወስደናል፤ አይከብድም፣ አብረን እንሂድ።

እ.ኤ.አ. በ1966 ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኢኮኖሚ ምሁራን የመድረክ ጥበብ ለምን ሁልጊዜ ገንዘብ እንደሚያጥረው መረመሩ። የደረሱበትን በኛ ምሳሌ ልንገራችሁ። የጫማ ፋብሪካ አስቡ። አዲስ ማሽን ሲገባ አንድ ሠራተኛ በቀን የሚሠራው ጫማ ይበዛል። ስለዚህ ደመወዙ ቢጨምርም እያንዳንዱ ጫማ ላይ የሚያርፈው ወጪ ብዙም አይንር። አሁን ደግሞ ባለ ማሲንቆውን አስቡ። አያቱ በ10 ደቂቃ ይጫወቱት የነበረው ዜማ ለሱም 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። ማሽን አያፈጥነውም። ቢፈጥን ዜማው ሌላ ይሆናል። ይሁንና ጤፍ የሚገዛው የፋብሪካው ሠራተኛ ከሚገዛበት ሱቅ ነው። የቤት ኪራዩም በዚያው ገበያ ነው የሚወሰነው። ሌላው ዘርፍ ምርታማ እየሆነ ደመወዝ በጨመረ ቁጥር የጥበብ ሰው ወጪ አብሮ ይወጣል፤ የሚሠራው ብዛት ግን ባለበት ነው። ይህ ነገር «የባውሞል የወጪ በሽታ» የሚባል ስም ወጥቶለታል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሦስት ነው። ወይ የቲኬቱ ዋጋ ይወጣል፤ ያኔ እማማ አይገቡም። ወይ የጥበብ ሰው በርካሽ ይሠራል። ወይ ክፍተቱን ሦስተኛ ወገን ይሞላዋል። እኛ ሀገር ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ወደሱ እመለሳለሁ፤ በጣም የሚያመኝ እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይሄኛውን ከደመራ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም። የሰፈር ደመራ ስትደምሩ አንዱ ቤት እንጨት ያመጣል፣ ሌላው ችቦ፣ ሌላው አደይ አበባ። እሳቱ ሲነድ ግን እንጨት ያመጣውንም ያላመጣውንም እኩል ያሞቃል። ተጨማሪ አንድ ሰው መጥቶ ቢቆም እሳቱ አይቀንስም። ይህ ነው የነፃ ዝግጅት ውበቱ። መቶ ሰው ለሚያዳምጠው ግጥም መቶ አንደኛው ሰው ቦታ እስካለ ድረስ ተጨማሪ ወጪ አያስወጣም። ታዲያ እሱን በር ላይ መመለስ ምን ይጠቅማል? ማንም ሳይጎዳ አንድ ሰው የሚያገኘው ደስታ ቀረ፤ በቃ።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። እንጨት ሳያመጡ መሞቅ ከተቻለ ለምን አመጣለሁ የሚል ይበዛል። ሁሉም እንዲህ ካለ ደመራ የለም። ሰፈር ይህንን የሚፈታው በዓይን ነው። ማን እንዳመጣ ይታያል። ያላመጣ ሰው ማንም ሳይናገረው በሚቀጥለው ዓመት ያመጣል። አንድ ሺህ የማይተዋወቁ ሰዎች በተሰበሰቡበት አደባባይ ግን ይህ ዓይን አይሠራም። ስለዚህ ትልልቅ ዝግጅቶች በግብር፣ በስፖንሰር ወይም በዕርዳታ ይቆማሉ። ሰፈር በይሉኝታ የሚያስከፍለውን መንግሥት በግብር ያስከፍላል ብትሉ ብዙም አልተሳሳታችሁም።

እኛ ዘንድ ይህ ነገር ትናንት የመጣ አይደለም። ቡሄን አስቡት። ልጆቹ ጅራፋቸውን አጩኸው፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ይቆማሉ። ማንም አልጠራቸውም። የቤቱን አባወራ በስሙ ያወድሳሉ፣ ሙልሙል ወይም ብር ይቀበላሉ፣ መርቀው ይሄዳሉ። ባለቤቱ የሚሰጠው እንዳቅሙ ነው። ቲኬት የለም፤ ግን ክፍያ አለ። ምርቃቱ ደረሰኝ ነው። ለኔ ይህ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ምርጥ የዝግጅት አሠራር ነው፤ ተመልካቹ ወደ መድረክ አይሄድም፣ መድረኩ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

አዝማሪም እንደዚሁ። ሰርግ ቤት ገብቶ ሲጫወት መግቢያ አይጠይቅም። ደስ ያለው ሰው ተነስቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ያላገኘ ያጨበጭባል። ሁለቱም እኩል ይሰማሉ። ዛሬ በውጭ ሀገር ቴአትር ቤቶች «የቻላችሁትን ክፈሉ» የሚባለውን አሠራር እንደ አዲስ ግኝት ሲያወሩት ስሰማ የአዝማሪው ግንባር ትዝ ይለኛል።

ከኪነ ጥበብ አጠገብ ደግሞ በውጭው ዓለም ሂዩማኒቲስ የሚባለው አለ፤ ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍና፣ ሃይማኖትን ማጥናት። ሰው ስለ ሰውነቱ የሚጠይቅበት የዕውቀት ዘርፍ ነው። ይህም በኛ ሀገር ለዘመናት ያለ ክፍያ ሲሰጥ ኖሯል። የቆሎ ተማሪውን ተመልከቱ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንደር ለመንደር ይዞራል። ውሻ ያባርረዋል። እናቶች ቁራሽ እንጀራ ያወጡለታል። ወደ ጎጆው ተመልሶ ቅኔ ይቆጥራል። የኔታ ገንዘብ አይጠይቁትም። ታዲያ ያንን ትምህርት ማን አቆመው? ያቺ እንጀራ ያወጣች እናት ናት። ፊደል ሳትቆጥር ቅኔ ቤቱን ደግፋ የያዘችው እሷ ናት፤ ስሟ ግን የትም አልተጻፈም።

በከተማም ታሪኩ አለ። የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ በቆመበት ጊዜ። ከመሥራቾቹ ዋናው መኮንን ሀብተወልድ ነበሩ። ያኔ ዛሬ የምናውቀው ቴአትር ቤት አልነበረም። ሕዝቡን ምኒልክ አደባባይ ላይ እየሰበሰቡ ንግግር ያሰሙት ነበር፣ በዘፈንና በፉከራ ያነቃቁት ነበር። ሕዝቡ የከፈለው ነገር የለም። መጥቶ መቆሙ ብቻ ይበቃል። ዓላማው ሀገር እንዳትወሰድ ነበር፤ ለዚያ ዓላማ ደግሞ በር መዝጋት አይቻልም። የዛሬው ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት የተወለደው ከዚያ አደባባይ ነው። ዛሬ ፒያሳ ባለፍኩ ቁጥር ይህንን አስባለሁ፤ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው ቴአትር የጀመረው ያለ ቲኬት፣ ያለ ጣሪያ ነው።

ከከተማው ነፃ መድረኮች ሌላው የውጭ የባህል ተቋማት ናቸው። የፈረንሳዩ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አዲስ አበባ ውስጥ የቆየው ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩትና የጣሊያን የባህል ተቋምም አሉ። ፊልም፣ የሥዕል ዐውደ ርዕይ፣ ውይይት፣ የሙዚቃ ምሽት፣ ብዙው በነፃ ይቀርባል። ሂሳቡን የሚዘጋው በአብዛኛው የየሀገራቸው ግብር ከፋይ ነው። ለምን? ቋንቋቸውና ባህላቸው ወዳጅ እንዲያገኝ። ይህ የሚደበቅ ነገር አይደለም፤ በግልጽ የተቋቋሙበት ሥራ ነው። ብዙ ወጣት ሠዓሊና ሙዚቀኛ የመጀመሪያ መድረኩን ያገኘው እዚያ ስለሆነ ባለውለታዎቻችን ናቸው ብል አላጋነንኩም። ግን ጥያቄውን እንያዝ፤ የኛን ማሲንቆ የሚያስደምጠን የሌላ ሀገር ግብር ከፋይ ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል።

አሁን ወደ አሜሪካ ልሻገር፤ ምክንያቱም በሕግ ደረጃ ነገሩን በግልጽ ያስቀመጡበት ምሳሌ እዚያ አለ። መስከረም 29 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አንድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ሁለት የፌዴራል ተቋማትን ወለደ፤ አንዱ ለኪነ ጥበብ፣ አንዱ ለሂዩማኒቲስ ገንዘብ የሚሰጥ። ሀሳቡ ቀላል ነው። ጥበብና ዕውቀት የሀብታም ጓዳ ዕቃ አይደሉም፤ የሕዝብ ናቸው፣ ስለዚህ ሕዝብ ከግብሩ ያግዛቸው። በየክፍለ ግዛቱም ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የሂዩማኒቲስ ምክር ቤቶቹ ዋና ከተማዋንና በአሜሪካ ሥር ያሉትን ደሴቶች ጨምሮ 56 ናቸው። በትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚደረግ የታሪክ ንግግር፣ የመጻሕፍት ውይይት፣ የአካባቢ ሙዚየም ትርኢት፣ ከጀርባው ብዙ ጊዜ እነሱ ነበሩ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥቅምት ወርን የኪነ ጥበብና የሂዩማኒቲስ ወር ብለው ያከብሩታል።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ በየበጋው ብሔራዊ አደባባዩ ላይ ስሚዝሶኒያን የሚያዘጋጀውን የፎክላይፍ ፌስቲቫል ታውቁታላችሁ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ መግቢያ የለውም። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ዘፋኙ ከየሀገሩ መጥተው ሣር ላይ ይሠራሉ። ልጃችሁን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ቆማችሁ ትጠይቃላችሁ።

ሣር ካልኩ አይቀር አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ኒው ዮርክ ውስጥ ጆሴፍ ፓፕ የሚባል ሰው በ1950ዎቹ የሼክስፒርን ተውኔቶች በነፃ ማሳየት ጀመረ። ተጓዥ መድረክ ይዞ በየሰፈሩ ይዞር ነበር፤ በኋላ ሴንትራል ፓርክ ላይ ረጋ። በ1959 የከተማዋ የፓርኮች ኃላፊ ሮበርት ሞሰስ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ተመልካቹ ሣሩን እየረገጠ ያበላሻል፤ ስለዚህ መግቢያ አስከፍልና ለሣሩ ማስጠገኛ አምጣ አሉት። ሞሰስ በዚያን ጊዜ በኒው ዮርክ የፈለጉትን የሚያስደርጉ ሰው ነበሩ። ፓፕ እምቢ አለ። ፍርድ ቤት ሄደ። በይግባኝ አሸነፈ። በ1962 እዚያው ፓርክ ውስጥ ዴላኮርት የተባለው ወደ 1,800 ሰው የሚይዝ ክፍት ቴአትር ተከፈተ። እስከ ዛሬ በነፃ ነው።

የሞሰስ ክርክር ሞኝነት አልነበረም፤ ሣሩ እውነትም ይጎዳል። ወጪ አለ። ክርክሩ የነበረው ወጪው ማን ላይ ይውደቅ የሚለው ላይ ነው። ፓፕ የተረዳው አንድ ነገር ነበር። ትንሽ ብር እንኳን በር ላይ ስትጠይቅ ሰውን ለሁለት ትለየዋለህ፤ አስቦ የሚገባና ሳያስብ የሚገባ። ቲያትር አይቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ላላየው ነገር አስቦ አይከፍልም።

ይሁንና የፓፕ ድል ሌላ ነገርም አሳየን። ቲኬቱ በነፃ ሲሆን ፈላጊው ከወንበሩ በላይ ሆነ። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ወረፋ መያዝ ጀመረ። ይህ ማለት ገንዘብ ባትከፍል ጊዜ ትከፍላለህ ማለት ነው። ቀን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ጊዜ የለውም። ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ወረፋ የሚቆምለት ሰው ይቀጥራል፤ ተቀጥሮም ያውቃል። ስለዚህ ዋጋው ዜሮ ቢሆንም ሌላ ዋጋ በጓሮ በር ይገባል። እኛ ቤትስ? ታክሲ ሁለት ጊዜ መቀያየር ዋጋ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ሴት ልጅ ብቻዋን መመለስ ዋጋ ነው። ደረጃ ያለበት አዳራሽ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ዋጋ ነው። ጥበቃው ከእግር እስከ ራስ የሚያይበት ዓይንም ዋጋ ነው። ይሄኛው ከሁሉም ይከብዳል።

እንግሊዞች ይህንን በሙዚየሞቻቸው አይተውታል። ከታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ሙዚየሞቻቸው በነፃ ሆኑ። ቀድሞ ያስከፍሉ የነበሩት ዘንድ የጎብኚው ቁጥር በ10 ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ትልቅ ነገር ነው። ከተጨመሩት ውስጥ ግን ብዙዎቹ ድሮም ሙዚየም የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ ይበልጥ ደጋግመው መሄድ ጀመሩ። በሩን መክፈት የግማሹን መንገድ ይወስዳል። ቀሪውን ግማሽ በእግር ነው የሚኬደው።

እንዴት ይኬዳል? ጥምቀትን እዩ። ታቦቱ መንበሩ ላይ ተቀምጦ ሕዝቡን አይጠብቅም። ይወጣል። በሰው በር፣ በሱቅ በር፣ በታክሲ ተራ በኩል ያልፋል። ከፊቱ ወጣቶች ቀዩን ምንጣፍ እያነጠፉ፣ ያለፈበትን ከኋላ ጠቅልለው በሩጫ ወደ ፊት እያመጡ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ቀርባችሁ እዩአቸው። ምንጣፉ ከባድ ነው። ላቡ በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ማንም አይከፍላቸውም። ምንጣፉን የገዙት ብር አዋጥተው ነው። አስፋልቱን ሌሊት ያጠቡት እነሱ ናቸው። ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲገባ የተመዘገበው ሥርዓቱና ዜማው ብቻ አይመስለኝም። ምንጣፍ ተሸካሚውም አብሮ ተመዝግቧል ብዬ ነው የማምነው። መስቀል በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላ በ2015፣ የሐረር ሸዋል ዒድ በ2023 ሲመዘገቡም እንደዚያው ነው። ሁሉም ያለ ቲኬት የሚከበሩ ናቸው። ሁሉንም ያቆማቸው ስሙ የማይጠራ ሰው ጉልበት ነው።

እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የሚያከብሩት ሲግድ ሌላ መልክ ያሳየናል። በጎንደርና በትግራይ ተራሮች ላይ ሲከበር የኖረ በዓል ነው። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ ሰው ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው፣ በጥላ ተጋርደው፣ በግዕዝ ይጸልዩ ነበር። ማኅበረሰቡ እስራኤል ከገባ በኋላ በዓሉ ኢየሩሳሌም ላይ ቀጠለ። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ በሕግ የሀገሪቱ በዓል አደረገው። የአንድ ማኅበረሰብ ጸሎት የሀገር በዓል ሲሆን ሌላው ሕዝብ መጥቶ ያያል፤ በየትምህርት ቤቱ ይወራል። ትንሽ ልጅ ሆና በቆዳዋ ቀለም የተሸማቀቀች ተማሪ ክፍሏ ውስጥ ስለ አያቷ በዓል ሲነገር ስትሰማ ምን እንደሚሰማት አስቡት። ለዚህ ነው ለነፃ ዝግጅት የሚወጣ ብር በከንቱ ፈሰሰ የማይባለው።

እንግዲህ ከፋዩ ሲሄድስ? አሜሪካኖቹ በቅርቡ ቀመሱት። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. የሂዩማኒቲሱ ተቋም ለየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ በድንገት ተቋረጠ። የታቀዱ የንባብ ፕሮግራሞችና ንግግሮች ተሰረዙ። ሜለን የተባለው የግል ፋውንዴሽን 15 ሚሊዮን ዶላር የአስቸኳይ ድጋፍ አወጣ፤ ጉድጓዱን ሁሉ ግን አልሞላውም። በአንድ ምሰሶ የቆመ ድንኳን እንዲህ ነው። እኛም ዘንድ ስፖንሰሩ ቢራ ፋብሪካ ብቻ የሆነ፣ ወይም ኤምባሲ ብቻ የሆነ፣ ወይም አንድ ደግ ነጋዴ ብቻ የሆነ ዝግጅት ሁለት ዓመት ደምቆ በሦስተኛው የት እንደገባ አይታወቅም። ስንት እንዲህ ያለ የግጥም ምሽት አልፏል!

ዕድር ለምን አይወድቅም? ከፋዩ ብዙ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ አንዱ ቢቀር ድንኳኑ አይወድቅም። ወንበር አለው፣ ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው። ብዙው ንብረት ኀዘን እስኪመጣ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። የሰፈር ዕድሮች ያን ወንበር ለንባብና ለተረት ቀን እንዲያውሱ ማሳመን ቢቻል የአንድ ነፃ ዝግጅት ትልቁ ወጪ ተቀነሰ ማለት ነው። እኛ ጠይቀን አንዱ ዕድር እሺ ብሎናል። ሊቀመንበሩ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የተሰበረ ወንበር ካለ ጠግናችሁ መልሱ።»

አሁን በጣም የሚያመኝ ወዳልኩት ልመለስ።

ያን ቅዳሜ ባለ ማሲንቆው 9 ሰዓት ላይ መጣ። ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልሎታል። ጫማው አቧራ ነው። ቆዳው እርጥበት ስለያዘ ፀሐይ ያለበት ጥግ ፈልጎ አስደግፎት ተቀመጠ። ውሃ ስሰጠው ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። በእግሩ ነው የመጣው፤ ሩቅ ነው። ለታክሲ የሚሆን አልነበረውም። እኛ ለድምፅ ማጉያው ከፍለናል። ለወንበሩ ከፍለናል። ለፖስተሩ ከፍለናል፤ ፖስተሩ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ የሱ ነው። ለሱ ግን ማንም አላሰበም። አምስታችንም «ለጥበብ ሲባል ይመጣል» ብለን ነበር። በእርግጥም መጣ።

ይህ የኛ ጥፋት ነው፤ ግን የኛ ብቻ አይደለም። ነፃ ዝግጅት ላይ ለድንኳኑ፣ ለምግቡ፣ ለቪዲዮው ይከፈላል። ገጣሚው፣ ባለ ክራሩ፣ ተረት ነጋሪዋ «መድረክ ሰጥተንሃል» ይባላሉ። መድረክ አይበላም። ባውሞል ያለው ክፍተት እንዲህ ሲሞላ በዝግጅቱ ካሉት ሰዎች ሁሉ ድሃው ሰው ስፖንሰር ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «በነፃ» ብለን ስንለጥፍ የለጠፍነው የሱን ላብ ነው። ጀማሪዎች ይለማመዱ ዘንድ ያለ ክፍያ የሚወጡበት መድረክ መኖሩን አልቃወምም፤ ሁሉም አውቆ የገባበት ከሆነ ጥሩ ነው። ኑሮው ጥበብ የሆነን ሰው ግን በምስጋና ወረቀት መሸኘት ነውር ነው።

እማማ በመጨረሻ ገብተው ነበር። የማሲንቆውን ድምፅ ሲሰሙ ነው የገቡት፤ ጥበቃው ሦስተኛ ጊዜ ሳይለምናቸው። ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዘንቢላቸውን በእግራቸው መሀል ያዙ። ዜማው ሲያልቅ ተነሱና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። የተጣጠፈ ብር አወጡ። ሰው ሁሉ እያየ እስከ ፊት ድረስ ሄደው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ላብ ስለነበረው ወዲያው ተጣበቀ። ከዚያ ሌላ ሰው ተነሳ። ከዚያ ሌላ። ማንም አልጠየቀም፤ ሳህን አልዞረም። ባለ ማሲንቆው ያን ማታ በታክሲ ነው የተመለሰው።

ሁለተኛውን ዝግጅት ስናቅድ ወረቀት አወጣንና በጀት ጻፍን። አንደኛው መስመር ላይ የባለ ማሲንቆው ክፍያ ገባ። ሁለተኛው መስመር የሱና የሁለቱ ገጣሚዎች ትራንስፖርት። ሦስተኛው መስመር ድምፅ ማጉያ ነበር። ብሩ እዚያ ሲደርስ አለቀ። ስለዚህ አዳራሹን ተውነው። የዕድሩን ወንበር ተሸክመን ጉሊቱ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ደረደርን፤ ሰዓቱንም ቀን 10 ሰዓት አደረግነው። ማይክ አልነበረም። ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ከተቀመጡበት ሳይነሱ ይሰሙ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት አልሰማ ሲላቸው ወንበራቸውን እያነሱ ቀረብ አሉ።